ጆሮ የሌለው ፈላጊ

አንድ የፊደል መምህር በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጧት፣ በሕይወት ላለች ልጃቸው ጥቁር ለበሱ። ልጅቱ በዚያው ሰዓት ከወንዙ ማዶ፣ በአንድ መጠለያ ውስጥ ልብስ እየሰፋች ነበር። መሞቷን የነገራቸው ሰው አልነበረም። የነገራቸው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም አልዋሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ ከዳሩ ወጣ። ድልድዩን ወሰደ፤ በሁለቱም ዳር ያሉትን መንደሮች ጠራረገ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ከየቤተሰቡ ግማሹ በወዲህ፣ ግማሹ በወዲያ ቀረ። የብዙ ሰው ስልክ ከቤቱ ጋር ሄዷል፤ ስልኩ የተረፈለትም የሚደውልለት ሰው ስልክ አልነበረውም። የወረዳው አስተዳዳሪ ተፈናቃዮቹን በየትምህርት ቤቱ አስጠለሉ፤ ከዚያም አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያዋ ማኅሌት ትባላለች። ደረቷ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ግን ስሟ «ማህሌት» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ትንሽ ነገር ኋላ ትልቅ ሆኗል።

ማኅሌት በየመጠለያው አንድ ኮምፒውተር አስቀመጠች። በየኮምፒውተሩ የተመደቡ ጸሐፊዎች የእያንዳንዱን ተፈናቃይ ስም፣ የአባቱን ስም፣ ሥራውንና ያለበትን መጠለያ ይጽፋሉ። ከሁለቱም ዳር የተጻፈው ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ይሰበሰባል። ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የሚፈለገው ስም ይጻፋል፤ ፕሮግራሙም ይፈልጋል። እንዴት እንደሚፈልግ አስተዳዳሪው ሲጠይቋት በተራ አማርኛ አስረዳቻቸው።

«የመጀመሪያውን ስም አንሣ። ከተጠየቅኸው ጋር አንድ ነው? ከሆነ አሳይ። ካልሆነ ቀጣዩን አንሣ። ስሞቹ እስኪያልቁ ድረስ እንዲሁ አድርግ። አልቀው ካላገኘህ፣ የለም በል።»

«ይኸው ነው?» አሉ አስተዳዳሪው።

«ይኸው ነው።»

«ይህንንማ የቢሮዬ ዘበኛም ይሠራዋል።»

«ይሠራዋል። ስንት ቀን ይሰጡታል?» አለችና አንድ ስም ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ጣቷን ሳታነሣ መልሱ መጣ። በሁለቱም ዳር ያለ ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ ከገጠር ከከተማው፣ በዚያች ቅጽበት አንድ በአንድ ተጠርቶ ታይቶ ነበር። አስተዳዳሪው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ የሆነ ነገር የነካቸው ይመስል።

«አነበበው? ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድም አልዘለለም።»

አስተዳዳሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ይህ የለም ካለ፣ የለም ነው» አሉ። ንግግራቸው በሁለቱም ዳር ሕግ ሆነ።

በአማርኛ «የለም» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ለጉዳይ ወጣ ያለ ሰው በደጁ ሲጠየቅ የለም ይባላል። የሞተ ሰውም የለም ይባላል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ አንዱንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ማኅሌት የሰጠችውን ሦስት ፊደል ማሳየት ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ግን ያንን ሦስት ፊደል በሰው ፊት፣ በሰው ቋንቋ ያነቡታል።

የፊደል መምህሩ የኔታ ዕንባቆም ይባላሉ። መጠለያ የገቡ ዕለት ጸሐፊው ስማቸውን ሲጠይቅ አብረዋቸው የተሰለፉት ሁሉ ቀድመው «የኔታ ናቸው! የኔታ ዕንባቆም» አሉት። እሱም በስም ዓምድ «የኔታ»፣ በአባት ስም ዓምድ «ዕንባቆም» ብሎ ጻፈ። የኔታ አንገታቸውን አስግገው አዩት። ዕንባቆም በዐይኑ ዕ መጻፉን አረጋገጡና ረኩ። ስማቸው በአባታቸው ቦታ መቀመጡን ልብ አላሉትም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚፈልገው በስም ዓምድ ብቻ ነው።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ዓለምፀሐይ። ልብስ ሰፊ ናት። ወንዙ የሞላ ዕለት ክር ልትገዛ ወደ ማዶ ተሻግራ ነበር። የኔታ በየጧቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይመጣሉ፤ ስሟን ፊደል በፊደል ያስጽፋሉ፤ ጸሐፊው ሲሳሳት ያሳርማሉ። መልሱ አንድ ነው።

«የለችም፣ የኔታ።»

«እስቲ ድገመው ልጄ።»

«ደገምኩት እኮ። የለችም።»

ሐሙስ ጧትም የለችም አላቸው። ያን ቀን ጥቁር ለበሱ።

ዓርብ ከአስተዳዳሪው ትእዛዝ ወጣ። እሑድ ያልተገኙት ሰዎች ስም ይለጠፋል፤ ጸሎትም ይደረጋል። ሰኞ ደግሞ ከየመጠለያው ዘመድ ያልተገኘላቸው ሁሉ በአውቶቡስ ተጭነው ከተራራው ወዲያ፣ ሩቅ ወዳለ አዲስ ሰፈራ ይወሰዳሉ። ከማዶው መጠለያ ከሚሄዱት አንዷ ዓለምፀሐይ ነበረች። ከዚያ ወዲያ አባቷ የሚፈልጓት በሕያዋን መካከል አይደለም፤ እሷም የምትመለስበት ቤት የላትም።

በዚያው ዓርብ ከቀትር በኋላ የኔታ ወደ ማኅሌት ድንኳን መጡ። የመጡት ልጃቸውን ፍለጋ አይደለም።

«እሑድ ስሟ ተጽፎ ይለጠፋል አሉኝ» አሉ። «እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ዓለም በዐይኑ ዓ ነው። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። ሌላው ቢቀር ይህ ይሁንላት።»

ማኅሌት ከመጠለያ መጠለያ ስትሮጥ ሰንብታ ደክሟት ነበር። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሀ ሁሉ ያው ሀ አይደል?»

የኔታ መታወቂያዋን አዩት። «አንቺማ ምን ታደርጊ፤ የራስሽንም ስም አቁስለሽ አንገትሽ ላይ ሰቅለሽዋል። ማኅሌት በብዙኃኑ ኅ ነው።»

«ሲጠሩኝ ያው ማህሌት ነኝ።»

«ለጆሮ ያው ነሽ» አሉ የኔታ። «ለዐይን ግን ሌላ ሰው ነሽ።»

የማኅሌት እጅ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ፕሮግራሙ ጆሮ የለውም። ይህንን በዚያ ወረዳ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሠራችው እሷ ናት። ለፕሮግራሙ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። ሀ አንድ ቁጥር፣ ሐ ሌላ ቁጥር፣ ኀ ደግሞ ሌላ። «አንድ ነው?» ሲባል ቁጥሩን ከቁጥር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ያልፋል። አንድ አገር ሙሉ በአንድ ድምፅ የሚጠራውን ስም እሱ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ያየዋል።

«የኔታ፣ ልጅዎን ሲፈልጉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ያስጻፉት?»

«ታዲያ እንዴት ላስጽፍ ኖሯል?»

«ማዶ ሆኖ የመዘገባት ጸሐፊ የእርስዎ ተማሪ ባይሆንስ?»

የኔታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«እስቲ አበላሽተው ይንገሩኝ» አለች ማኅሌት።

«ምን አልሽ?»

«ተማሪዎች ሲሳሳቱ እንዴት ይጽፉታል? እንደ እነሱ ያስጽፉኝ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሰርዝ የኖርኩትን?»

«እሱኑ።»

የኔታ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ተብሎ በአራት ይጻፋል። ፀ በሁለት። ሐ ደግሞ ከነዘመዶቹ በስድስት። ማኅሌት አባዛችው። አንዱ ስም አርባ ስምንት ሆነ፤ በአርባ ስምንቱም ብትጠራ ዞር ብላ አቤት የምትል አንዲት ሴት ናት።

የኔታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ የወለድኩት አንዲት ልጅ ነው» አሉ።

ሞከሩ። «አለምፀሐይ» ብለው ጻፉ፤ የለም። «ዓለምጸሐይ»፤ የለም። የኔታ እያንዳንዱን ስሕተት የሚናገሩት ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። ማኅሌት ጥቂት ከሄደች በኋላ ተወችው።

«እንዲህማ አንዘልቀውም። የአባቷም ስም አለ፤ የሌላውም ሰው ሁሉ ስም አለ። ጆሮ ልስጠው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ከማስተያየቱ በፊት ሐንም ኀንም ሃንም እንደ ሀ ያንብብ እለዋለሁ። ዐንም ዓንም እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ፣ ሠን እንደ ሰ።»

የኔታ ተነሡ። «ፊደል ልታጠፊ ነው? አሁንስ አበዛሽው።»

«አላጠፋም። የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ አንዱንም አልነካም። ሲፈልግ ብቻ እንደ ሰው ይስማ።»

አዛውንቱ ተመልሰው ተቀመጡ። «ሲፈልግ ብቻ» አሉ።

«ሲፈልግ ብቻ።»

የጻፈችው ጥቂት መስመር ነው። ስትጨርስ ቁልፉን እሳቸው እንዲጫኑት ወንበሩን ለቀቀችላቸው። የኔታ ስሟን ራሳቸው፣ በዐይኑ ዓ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ጻፉና ተጫኑ።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ አለምጸሃይ እንባቆም። ልብስ ሰፊ። የማዶው መጠለያ።

የኔታ በዝግታ አነበቡት። እንደገና አነበቡት። «አራት ስሕተት» አሉ። እጃቸውን ስክሪኑ ላይ፣ በስሟ ላይ አድርገው አላነሡም። «አራት ስሕተት፤ ተመስገን።»

አዲሱ ፕሮግራም ፀሐይ ሳትጠልቅ በሁለቱም ዳር ላሉት ኮምፒውተሮች ደረሰ። ጸሐፊዎቹ የለም የተባሉትን ስሞች እንደገና ጠየቁ። ኃይሉን የምትፈልገው እናት ሀይሉን አገኘች። ሥዩምን የሚፈልገው ወንድም ስዩምን አገኘ። በየመጠለያው ሰው ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣል፤ ስም ይጠራል፤ የተጠራለት ሰው እዚያው መሬት ላይ ይቀመጣል። በቁጥር አነጋገር የሆነው ይህ ነው፦ በዚያን ቀን ወደ መረጃ ቋቱ አንድም አዲስ ስም አልገባም። ከማዶ የመጣ ሰው የለም፤ ወንዙም አልጎደለም። ግን ጧት ሙት የነበሩ ሰዎች ማታ በሕይወት ነበሩ። ሁሉም አይደሉም። በሁሉም አጻጻፍ ተፈልገው ያልተገኙ ነበሩ፤ እሑድ የተለጠፈው የእነሱ ስም ነው።

አስተዳዳሪው መጥተው ሕዝቡን አዩ። ባርኔጣቸውን እንደገና አወለቁ። «እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

«እዚሁ» አለች ማኅሌት ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

እሑድ አስተዳዳሪው ያስመጡት ጀልባ ከማዶ ሰው ይዞ ተሻገረ። የኔታ ደስታው ጥቁሩን እንኳ ሳያስወልቃቸው ዳር ላይ ቆመው ነበር። ዓለምፀሐይ ከጀልባው ወረደች። እሷም ጥቁር ለብሳለች፤ አዲስ ነው፤ በእጇ የሰፋችው።

የኔታ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔን ደግሞ ማን ገደለኝ?»

«ኮምፒውተሩ። ዕንባቆም የሚባል የለም አለኝ።»

«አይ ያ ከንቱ» አሉ የኔታ፤ «አንቺንም እኮ ገድሎልኝ ነበር።» ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ደግሞ አለቀሰ።

ማኅሌት ሰኞ ጧት ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቃል አወጣች። «የለም» የሚለውን ሰርዛ በቦታው «በዚህ አጻጻፍ አላገኘሁም» ብላ ጻፈች። ከመታወቂያዋም ላይ ህን በኅ ለወጠች።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማሽን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ፣ በተጠየቀበት ልክ ነው። ሺህ ስም በቅጽበት ቢያነብም አንዱን ስም መስማት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ፈልገን ስናጣ ያወቅነው ነገር ጥቂት ነው፤ በዚያ መንገድ አለማግኘታችንን ብቻ። ከ«አላገኘሁም» ተነሥቶ «የለም» እስከ ማለት ረጅም መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ግን በአንድ እርምጃ እናልፈዋለን፤ ያውም እርግጠኛ ሆነን፣ ጥቁር እስክንለብስ ድረስ።

በመስከረም፣ ውሃው ጎድሎ ድልድዩ እንደገና ሲሠራ፣ ማኅሌት ኮምፒውተሮቹን ልትመልስ ስትሰናዳ አንድ ነገር አየች። የመረጃ ቋቱ ከስሞቹ ሌላ የተጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ፣ ከነጠያቂው ስም ያስቀምጥ ነበር። የኔታ ጥቁር የለበሱበትን ሐሙስ ከፈተች። ሁለት መስመሮች ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የለም።

ጠያቂ፣ የኔታ ዕንባቆም። የሚፈለገው፣ ዓለምፀሐይ። መልስ፣ የለም።

ጠያቂ፣ አለምጸሃይ እንባቆም። የሚፈለገው፣ እንባቆም። መልስ፣ የለም።

አባትና ልጅ በአንድ ጧት፣ ከሁለት ዳር፣ በአንድ የመረጃ ቋት ደጅ ተከታትለው ቆመው ነበር። የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሌላው ጠያቂ ስም ነበር። ፕሮግራሙ ግን የተመዘገቡትን እንጂ የሚጠይቁትን እንዲያይ አልታዘዘም፤ ማንም ሰውም የጥያቄዎቹን መዝገብ አላነበበም።

እርስዎ የለም ብለው የተዉትን ነገር ያስቡት። እሱስ በዚህች ሰዓት በሌላ ፊደል ስምዎን እየጠራ ቢሆንስ?