ለአውራው ስጡልኝ

በአንድ ወቅት፣ ከዓባይ ማዶ፣ አያ ውብነህ የሚባሉ ንብ አናቢ ነበሩ። ሠላሳ ቀፎ ነበራቸው፤ የሁሉም ዘር የወጣው ከአንድ አሮጌ ቀፎ ነው። ከባለቤታቸው ከእትዬ አገሬ ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ታላቁ ይመኑ፣ መካከለኛዋ እንጉዳይ፣ ታናሹ ስማቸው። ታናሽ ስላችሁ ሕፃን እንዳይመስላችሁ፤ ሚስት ያገባ ሰው ነው።

አያ ውብነህ ታመው ደጅ በተኙበት በአንድ የመጋቢት ቀትር፣ ጎረቤት ለእርሻ የለኮሰውን እሳት ነፋስ ወደ ቀፎዎቹ ነዳው።

ይመኑ ጉብታ ላይ ወጥቶ ተጣራ። እሱ ሲያዝ እምቢ የሚል የለም። መንደሩ ዶማውን ይዞ ወጣ፤ «አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ» እያለ ሣሩን አስመንጥሮ እሳቱን አስቆመው። ያን ቀን እሱ ባይኖር የሚተርፍ ቤት አልነበረም።

እንጉዳይ ምንጣሮው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ጭሱ ውስጥ እየገባች ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። አሮጌውን የደረሰችበት መጨረሻ ላይ ነው፤ እየጨሰ አቅፋው መጣች። መዳፏ ከዚያ ወዲህ አይጨበጥላትም። ሲነግሩኝ አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቀፎው ተረፈ እንጂ ንቦቹ ጥለውት ሄደዋል። ስማቸው አንጋጦ እያየ ተከተላቸው፤ ወንዝ ተሻገረ፣ ገደል ወረደ። በማግስቱ ዋርካ ላይ ሰፍረው አገኛቸው። የሚከተሉትን አውራ ንብ ለይቶ መቃ ውስጥ ከተተና ወደ ቤት አቀና፤ ንቦቹም ከኋላው ተከትለው ገቡ።

አያ ውብነህ ይህን ሁሉ አዩ፤ ያላዩትንም ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ አስጠርተው «ቀፎዎቹ አይከፋፈሉ፤ ለአውራው ስጡልኝ» አሉ። የትኛው ሳይባሉ ነፍሳቸው ወጣች። ጉድ እኮ ነው! ቀፎዎቹ ከአንድ ቤት በላይ አያኖሩም፤ ያልተሰጣቸው ሁለቱ አገር ጥለው መሄዳቸው ነው።

ልጆቹ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ።

«አውራ ማለት የበላይ ነው» አለ ይመኑ። «ሰው እኔን ሰምቶ ነው እሳቱ የቆመው። ደግሞም ታላቅ ነኝ።»

«ንብ አውራን የሚከተለው ታዝዞ አይደለም፤ ወዶ ነው» አለ ስማቸው። «እኔም የመለስኳቸው ሳላዝ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ወደ እንጉዳይ ዞረው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ለአውራው አሉ እንጂ ለአውራዋ አላሉም» አሏት።

እንጉዳይ የማይጨበጠውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «አባዬ አውራ ንብን ዕድሜ ልኩን ‹እሱ› ነበር የሚላት» አለች። «እንቁላል ስትጥል እያየ።»

እትዬ አገሬ ግን «ለማንም ፍረዱ፤ እኔ እንደሆነ ሁለት ልጆቼን መሸኘቴ አይቀርም» አሉ።

እኔ ሦስቱንም ስለምወዳቸው መፍረድ አቅቶኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ብቻ የሁለቱን ዓይን እያያችሁ፣ እናታቸው እየሰሙ፣ «ሂዱ» ማለት አለባችሁ። አያ ውብነህ «አውራው» ያሉት ማንን ነው?