የምዜ ኪሎንዞ ሦስት ፍየሎች

ትልልቅ ሰዎች ይችን አባባል ሲናገሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ከቅድመ አያት የወረሷት ያስመስሏታል። እሷ ግን የወጣችው ሞያሌ ከአቶ ደባልቄ ግቢ ነው፤ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በፍየል ምክንያት።

ሞያሌ አንድ ጎኗ ኢትዮጵያ፣ ሌላው ጎኗ ኬንያ ነው። የአቶ ደባልቄ ልጅ ስንዱ፣ ከወዲያኛው ወገን ሙቱኩ የሚባል መካኒክ ወደደች። አባቷ ሰባት ወር ሙሉ "አይሆንም" ሲሉ ከርመው በስምንተኛው "እስቲ አባቱ ይምጣና እንየው" አሉ። አባትየውም በእኛ ገና ማግስት መጡ። ስማቸው ኪሎንዞ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን "ምዜ" ይላቸዋል፣ በእነሱ ቋንቋ "አባቴ፣ ሽማግሌው" እንደ ማለት ነው። የራሳቸውን ገና ካከበሩ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነበር።

ምዜ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በወገናቸው ወግ ከልጃቸው ከሙቱኩ ጋር ሦስት ፍየል እየነዱ መጡ። ፍየሎቹ ከልጅቷ ቤት ከቀሩ ጋብቻው ጸና፤ ከተመለሱ ግን ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ስንዱ ያን ቀን እንግዳውን ትታ ዓይኗን የጣለችው ፍየሎቹ ላይ ነበር።

አንደኛዋ ታርዳ ምሳ ተበላ። ምዜ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ አማርኛን ከየሻይ ቤቱ የለቀሙ ሰው ናቸው። ፊታቸው ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፤ ምን እንዳለበት አይታወቅም።

የጋብቻው ሽማግሌ አቶ ጎዳና ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ "በእናንተስ አገር የገና ማግስት ምን ይደረጋል?" ብለው ጠየቁ።

"የተረፈውን ምግብ ይዞ ዘመድ መጠየቅ ነው" አሉ ምዜ። "በጸጥታ።"

"በጸጥታ" ስትባል አቶ ደባልቄን ላብ ላብ አላቸው። በገናው ዕለት፣ ሩር የምትባለው የእንጨት ኳስ በዱላ ስትለጋ በዋለችበት የገና ጨዋታ፣ የላይ ሰፈር የታች ሰፈርን ድል አድርጓል፤ የታች ሰፈር አለቃ ደግሞ ራሳቸው አቶ ደባልቄ ናቸው። አሸናፊ በማግስቱ ተሸናፊው በር ላይ ቆሞ፣ እስኪያበሉትና እስኪያጠጡት በግጥም ይሳደባል። ተሰዳቢም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። አቶ ደባልቄ በማለዳ "ለዛሬ ማሩኝ፣ እንግዳ አለብኝ" ብለው ለላይ ሰፈሮች ልከው ነበር። ምነው እንግዳ መኖሩን ባልነገሯቸው። ጭራሽ በእጥፍ ሆነው መጡ፤ ግጥም አውጪያቸውም ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ጀመረ።

"የደባልቄ እግሩ የሸንበቆ እንጨት፣
ሩሯ ስትመጣ ገባ ከበረት።"

ይሄስ ይሁን፣ አቶ ደባልቄ ለምደውታል። ቀጥለው ግን ወደ እንግዳው ዞሩ።

"የኬንያው አማቹ ሆዱ ጋን ያክላል፣
ፍየል አመጣ አሉ፣ ራሱ ይበላል።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ምዜ ብቻ አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ሄደውም የሁለቱን ፍየሎች ገመድ ከግንዱ ፈቱ።

"ሙቱኩ፣ ተነሥ። እንሂድ።"

ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ግጥም አውጪው ዱላውን ከኋላው ደበቀ። አቶ ደባልቄ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥተው፣ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ከእንግዳው ፊት ጎንበስ አሉ።

"ይቅር ይበሉን፣ ጨዋታ ነው።"

ምዜ ድንጋዩን ዞረው ዞረው አዩት። "ትንሽ ነው" አሉ።

አቶ ደባልቄ እያለከለኩ ተለቅ ያለ ይዘው መጡ።

"ይሄ ደግሞ ክብ ነው። እኛ በክብ ድንጋይ አንታረቅም።"

አሁንስ የአቶ ደባልቄ የአንገት ሥር ተገተረ። ድንጋዩን መሬት ላይ ጣሉት። "ስማ አንተ ሰውዬ" አሉ፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። "ከዚህ በላይ አልለምንም። ፍየልህንም ልጅህንም…"

በዚህ መሐል ስንዱ ሙቱኩን አየችው። አንገቱን ደፍቷል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቷ "ውይ፣ ልጁ አለቀሰ" አለች። ስንዱ ግን ያንን ትከሻ ታውቀዋለች። በተዋወቁ ሰሞን "በእኛ አገር ሙሽራ በሠርጓ ቀን መኪና ትገፋለች" ብሏት፣ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ እሷ ሞኟ ሳምንት ሙሉ የጎረቤት ጋሪ ስትገፋ ከርማለች። እነሱ ዘንድ ቀልደኛው ራሱ ከሳቀ ቀልዱ ተበላሸ ማለት ነው። የአባቱም ፊት ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ከሆነ ተረፈች። ካልሆነ ግን አማቷን በገዛ አፏ ልትሰድብ ነው።

ገመዱን ያዝ አደረገችው፤ እሷም አልሳቀችም።

"አባባ፣ መሄዱን ይሂዱ። ግን ያመጡት ሦስት ነው፣ የሚወስዱት ሁለት። የሦስተኛዋ ነገር እንዴት ይሁን? ግማሿ እርስዎ ሆድ ውስጥ ናት።"

እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምዜ ጎንበስ ብለው ሆዳቸውን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሊያቆሙት ታገሉ፤ አልቻሉም። ሳቃቸው እንደ አሮጌ ሞተር ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋትፎ ተነሣ፣ ባርኔጣቸውም ወደቀ። ሙቱኩማ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

"ጸጉሬ ከሸበተ ወዲህ የሰደበኝ ሰው የለም" አሉ ምዜ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሁሉም ምዜ፣ ምዜ ብቻ ነው የሚለኝ። እናንተ እንደ ቤተሰብ ሰደባችሁኝ። እኔስ ታዲያ ዝም ልበላችሁ?" ገመዱን ራሳቸው ከግንዱ መልሰው አሰሩና ወደ ግጥም አውጪው ዞሩ። "በል፣ ያችን የሆዴን ነገር ድገማት።"

ዘፈኑ እንደገና ደመቀ፣ ጠላውም ወጣ። አቶ ደባልቄ ክቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብለው "ወይ ጉድ፣ ምላሴ ለጥቂት ልጄን ሳትዳር አስቀርቷት ነበር" አሉ። አቶ ጎዳና ጠላ የሞላ ዋንጫ አቀበሏቸውና፣ "ደባልቄ፣ እንግዲህ ለሌላ ጊዜ ልብ በል፤ ሳቁን ሳያውቁ፣ ከቁጣው አይራቁ" አሏቸው።