የጠላ ቀጂው ጣት

አንድ ሰው ነበረ። ዓይነ ስውር ነው፤ ሥራው ጠላ መቅዳት። «ኦቨርፍሎው ምን ማለት ነው፣ ቲቸር?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ፣ አንጓች? እንግዲያው መጽሐፉን እጠፊና ስሚኝ።

ይህ ሰው ጠላ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ይቀዳል። ጠቋሚ ጣቱን ከብርጭቆው ጠርዝ ወደ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል፤ ጠላው ሲነካት ያቆማል። በቃ። አንዲት ጠብታ አትፈስበትም። ጠጪዎቹ ይቀልዱበታል።

«ኧረ አባባ፣ ያቺን ጣትዎን ትንሽ ከፍ ያድርጓት!»

«ዓይኔ እኮ እሷ ናት! ዝም ብለህ ጠጣ።»

አፉ ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም። አንድ ልጁ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ እንደወረደ ቀርቷል። ስንት ክረምት አለፈ፤ ወሬው የለም። ሾፌር በገባ ቁጥር «ከቆላ ነህ? ልጄን አላየኸውም?» ይላል። «አላየሁትም» ሲሉት «ደህና» ይልና ይቀዳል። ናፍቆቱንም የሚይዘው እንደዚያው ነበር፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ያቆመዋል።

አንድ የገበያ ቀን መንገደኛ ገባ። «አባባ፣ ውሃ ጥም ገደለኝ፤ ይቅዱልኝማ» አለ።

ድምፁ ቁርጥ የልጁ!

ሰውዬው መቅዳት ጀመረ። ጠላው ጣቱን ነካው፤ አላቆመም። በእጅጌው ገባ፣ ጉልበቱን አራሰው።

«ኧረ ፈሰሰ! አባባ፣ ፈሰሰ!» ብሎ ቤቱ ጮኸ።

«ይፍሰስ! ልጄ፣ አንተ ነህ?»

መንገደኛው ደነገጠ። «አይደለሁም፣ አባቴ። መንገደኛ ነኝ።»

ሰውዬው ባዶውን ጆግ አስቀመጠና ያ ሁሉ ሰው እያየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

አየሽ አንጓች፣ ለፈተናው «ከዕቃው ልክ አልፎ መፍሰስ» ብለሽ ጻፊ፤ ትክክል ነው። ግን ያ ሰው የሞላው የዚያን ዕለት እንዳይመስልሽ። ሲሞላ ነው የኖረው፤ መንገደኛው አንዲት ቃል ጨመረበት እንጂ ምን አደረገው? እኔም ትናንት «አንጉዬ» ብዬ ስጠራሽ፣ ዐረብ አገር ያለችው እናትሽ እንደዚያ እንደምትጠራሽ አላወቅሁም ነበር። ክፍል ውስጥ በማልቀስሽ አትፈሪ። ጓደኞችሽ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሉሽ፣ የጠየቅሽኝን ቃል አሁን ታውቂዋለሽ።