የጋዊቶ ዱር ጠሪዎች

በአንድ ወቅት፣ ዱር ሊመነጠር ሲል ሕዝቡ ሁሉ የሚጠራባት መንደር ነበረች። መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት በየተክሉ ፊት ይቆማል። ስሙን በአያቶች ቋንቋ የጠራና ጥቅሙን የተናገረ ከተገኘ ተክሉ ይተርፋል፤ ጠሪ ያጣ ይቆረጣል።

የዱሩ ጠባቂ ሽማግሌው ጋዊቶ ነበር። ወጣቶቹ የእርሻ መሬት ጠይቀው የመጥሪያው ቀን በተቆረጠ ሰሞን ሕመም ጣለውና አንደበቱ ተያዘ። የጠባቂነት ዱላውን እንደያዘ በቃሬዛ ተሸክመው ዱሩ መሐል አስቀመጡት። አብሮት ያረጀው ዱር ሲወድቅ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው።

ሦስት ልጆች ነበሩት።

መካከለኛዋ ዘሪቱ ደብተሯን ገለጠች። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር ከአባቷና ከባልቴቶቹ ሥር ተቀምጣ ስትጽፍ ኖራለች። ንብ የሚቀስመውን፣ ገመድ የሚሆነውን፣ ቤት የሚከደንበትን ከዛፍ ዛፍ እየሄደች አነበበች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ከመድኃኒቶቹ ዘንድ ደረሱና ደብተሯን አጠፈች። እነዚህን አባቷ ነግሯት አያውቅም።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ደብተሩ አለቀ እንዴ?» አለ ከወጣቶቹ አንዱ መጥረቢያውን እየሳለ።

በኩሩ ሻዎ መድኃኒቶቹን ያውቃል። የመድኃኒት ስም ለአንድ ልጅ ጆሮ ብቻ ይነገራል፤ በሕዝብ ፊት የገለጠ ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛ አይነካም። ሻዎ ምሎ የተቀበለው፣ እንጀራውም ክብሩም ይኸው ነው። መጥረቢያው ሲነሣ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባባ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ከዚያም የቁስሉን፣ የወባውን፣ የምጡን፣ እያንዳንዱን እየዳሰሰ ጠራ። ሲጨርስ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ረግረጉ ቀረ። የእሱ ሐረግና ሣር መድኃኒትም አይደለም፤ ደብተርም ላይ የለም። የመጨረሻዋ እታገኝ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ስሞቹን አታውቅም፤ ቋንቋውንም እየተንተባተበች ነው የምትናገረው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቿን ከየቤታቸው አንድ ተክልና አንድ ስም ከነጥቅሙ ይዘው እንዲመጡ ስትልክ፣ ያመጡትንም ለጓደኞቻቸው እንዲያስተምሩ ስታደርግ ቆይታለች። አሁን እጇን ብቻ አነሣች። አርባ ሕፃናት ጭቃው ውስጥ ገብተው አንዳንድ ቅጠል ያዙ። አንዲት ልጅ በቀጭን ድምፅ ስሙን ከነጥቅሙ ጠራች። ሌላው ተቀበለ።

ጋዊቶ ከልጅነቱ ወዲህ ያልሰማቸውን ስሞች ሰማ። እሱ ራሱ የማያውቃቸውም ነበሩባቸው። ዱሩ ተራ በተራ «አቤት» የሚል መሰለው። ወጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው መጥረቢያቸውን መሬት አስቀመጡ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ኮጂቶ አጠገቡ ተንበረከከ። «ጋዊቶ፣ እጅህ አልተያዘም። ዱላህን ስጥ። ዱላውን የያዘ ዱሩን ይጠብቃል፤ ልጆቹንም ያስተምራል። ሁለት ሰው አይዘውም።»

ዘሪቱ፣ ያልተጻፈ በአንድ ሰው ሕመም እንደሚጠፋ ዛሬ ሁሉም አይቷል አለች። ሻዎ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሥራ እንደሌለው ብቻ ተናገረ። እታገኝን ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው ከበዋታል።

ጋዊቶ ዱላውን አነሣ።

እናንተ ሰምታችኋል፣ እስቲ ፍረዱ፦ ስሞቹን ከመረሳት ያዳነችው፣ ለስሞቹ ሲል ያለውን ሁሉ ያጣው፣ ወይስ ሳታውቃቸው ለአርባ አፍ ያደረሰቻቸው? ዱላው የማን ነው?