ፋሲካ የሌላት ጅብ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የዛሬው ተረት ጅብ የሞላበት ነው፤ ላሟ ከሰማች ወተቷን ትይዝብናለች። «የዱባ ሐረግ» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ። መልሼ እሰጣችኋለሁ፤ እንደነዚያ ጅቦች በጥሼ አላስቀረውም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ ባለው ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የጅብ ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባትየው አያ ሰባብር ይባላል፤ አጥንት ሲሰብር ከወንዝ ማዶ ይሰማል። እናትየዋ እመት ጮሚት ትባላለች። ወንዶች ልጆች ሞልተዋቸዋል፤ ሁሉም ሆዳሞች ናቸው። ሴት ልጃቸው አንድ ብቻ ናት። ስትወለድ አባቷ አፏን ከፈት አድርጎ አየና «ይቺስ ጥርሴ ናት!» ብሎ ጥርሴነሽ አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአያ ሰባብር ታላቅ ወንድም፣ ሽማግሌው አያ ቆረጣጥም አሉ። የዋሻው ሕግ ከእሳቸው አፍ ይወጣል፤ የዋሻው ሥጋ ወደ እሳቸው አፍ ይገባል።

በዚያ ዋሻ ጆሮው ሙሉ የሆነ አዋቂ ጅብ አልነበረም። አንዱ ጫፉ የለም፣ አንዱ ግማሹ የለም፣ አንዱ ጭራሽ የለውም። ለምን ብትሉ፣ በቅርጫ የተነሣ ነው። ሰዎች በሬ አርደው በቅርጫ ሲካፈሉ አይተው እኛም ከማን እናንሳለን አሉ። ከመንደር የሰረቁት አንድ አሮጌ ቢላዋ አላቸው። በሬ ባገኙ ቁጥር አያ ቆረጣጥም በቢላዋው ይቆርጡና በየቅጠሉ ላይ ይመድባሉ። ከዚያ ሁሉም ዕጣውን ይሰጣል፤ ማን ጠጠር፣ ማን ላባ፣ ማን ስንጥር። ዕጣው መደቡ ላይ ይጣላል፣ ባለ ዕጣው የደረሰውን ያነሣል።

ደንቡ ምንም አይወጣለትም። ክፋቱ አካፋዩም ጅብ መሆናቸው ነው። አንድ ሲቆርጡ አንዴ ይልሳሉ፤ አንድ ሲመድቡ አንድ ይውጣሉ። መጨረሻ ላይ አንደኛው ቅጠል ባዶውን ይቀራል። ዕጣው ባዶ ቅጠል ላይ የወደቀበት ይጮኻል፤ ጮኾም አይቀር፣ አጠገቡ ያለውን ይነክሳል። አያ ሰባብር ግማሽ ጆሮውን ያጣው በገዛ ሠርጉ ቅርጫ ነው።

ጥርሴነሽም እንደ ወንድሞቿ በልታ አደገች። ልዋሽላት አልፈልግም፤ በልታለች፣ ጣፍጧታልም።

አንድ ክረምት ግን ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ውሃ መጣባት። እየዋኘች እየሰጠመች መሐል ካለች ጉብታ ላይ ወጣች። ጉብታዋ ላይ እንጨት የተጫነች አህያ ቆማለች፤ እሷንም ውሃው ከጌታዋ ለይቷታል። ዝናቡ አላባራ አለ። ጥርሴነሽ በብርዱ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ጠጋ በይ» አለቻት አህያዋ። «ጎኔ ይሞቃል።»

«እኔ እኮ ጅብ ነኝ!»

«ማን መሰልሽኝ? አሁን ግን የምትንቀጠቀጪ ጅብ ነሽ። ጠጋ በይ።»

ተጠጋች። ሞቃት። አህያዋ ስሟ ታገሺ መሆኑን ነገረቻት። ስለ ውርንጭላዋ አጫወተቻት፤ ጭነት የጀመረ ዕለት እንዴት እንዳለቀሰችለት ነገረቻት። ሲነጋ ውሃው ጎደለ። ታገሺ ወደ መንደሯ፣ ጥርሴነሽ ወደ ዋሻዋ ሄዱ። ዋሻ ስትደርስ ወንድሞቿ የአህያ ሥጋ ይዘው ጠበቋት። የታገሺ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ታገሺን አሁን ሸኝታት መምጣቷ ነው። ግን አፏ አልከፈት አለ። «የዚህችስ ስም ማን ነበር?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሥጋ አልቀመሰችም።

ምን በልታ ኖረች ትሉኝ ይሆናል። ከዋሻው ጀርባ የዱባ ሐረግ ነበረች። ጥርሴነሽ ርቧት ቆማ ብታያት ሐረጓ «ምን ትጠብቂያለሽ? ብዪ እንጂ» አለቻት።

«አንቺም ትናገሪያለሽ እንዴ? እንግዲያ አንቺንም አልበላሽም።»

ሐረጓ ቅጠሏ እስኪርገበገብ ሳቀች። «ሞኝ! ዱባዬን ብዪ፣ ፍሬውን መልሰሽ ቅበሪልኝ። ለከርሞ ተመልሼ እመጣለሁ። ሌሊት ሌሊት ስትጠሪያት የምሰማት ታገሺ ግን አንዴ ከተበላች በየት በኩል ትመጣለች?»

ይህ ነገር ለጥርሴነሽ ልክ ሆኖ ታያት። ዱባውን በላች፣ ፍሬውን ቀበረች፣ ጠገበች። እንደሷ የተደሰተ ጅብ በዚያ አገር አልነበረም።

ቤተሰቡ ግን መች ሊተዋት። ወንድሞቿ «ሁዳዴ ገባ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። አባቷ በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አሰበ፣ በኋላ ተናደደ። አንድ ቀን የሚወደውን ቅልጥም ከራሱ አፍ አውጥቶ ከፊቷ አስቀመጠላት። ጅብ ቅልጥም ከአፉ ሲያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፍቅር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

«አንዴ ብቻ ምጠጪው፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልችልም።»

«ሰዎቹ እንኳ ሲጾሙ ፋሲካ አላቸው። ሁለት ወር ጎመን ጎመን ብለው በመጨረሻው ቅርጫ ይገባሉ። ያንቺ ፋሲካ መቼ ነው?»

ጥርሴነሽ አንገቷን ደፋች። አያ ሰባብርም ቅልጥሙን አንሥቶ ወጣ፤ የዚያን ቀን ሲሰብረው ድምፁ ወንዝ ማዶ አልተሰማም።

ቀጥሎ እናቷ መጣች። እመት ጮሚት እንደ አባትየው አፍ ለአፍ አትገጥምም፤ ዘዴኛ ናት። ዱባ ቀጠፈች፣ ውስጡን ቦረቦረች፣ የሰባ ሞራ ወተፈችበት፣ አፉን በቅጠል ደፍና «እንኪ ልጄ፣ ዱባሽን አመጣሁልሽ» አለቻት።

ጥርሴነሽ ልትገምጥ ስትል ዱባው ራሱ «ኧረ እኔስ ከብዶኛል፤ ሆዴ ውስጥ ምን እንደከተቱብኝ እንጃ!» ብሎ እናትየዋን አጋለጣት።

እመት ጮሚት እንባዋ መጣ። «ከስተሽ ልትሞቺብኝ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እናቷ አታበላትም እያለ ያማኛል። ሥጋ ስትጠዪ እኔን የጠላሽ ይመስለኛል፤ ሥጋ በልቼ አይደል ወተት ያጠባሁሽ?»

«እማዬ፣ ወተትሽን ጠልቼ አላውቅም። ነይ፣ ጎኔን ዳስሺው። ከስቻለሁ?»

እናትየዋ ዳሰሰቻት። አልከሳችም። እንዲያውም ወፍራለች። እመት ጮሚት እንባዋን ጠርጋ፣ ሞራውን ከዱባው አወጣችና ራሷ ዋጠችው። ዱባውን ለልጇ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ አጥንቷን፣ አንዷ ዱባዋን ይበሉ ጀመር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ግን አያ ቆረጣጥም አሉ።

አንድ ማለዳ አንድ ሽማግሌ በሬ ከገደሉ አፋፍ ተንሸራቶ ዋሻው ደጅ ወድቆ ሞተ። ጅቦቹ እልል አሉ። አያ ቆረጣጥም ቢላዋቸውን አስመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሙ! ዛሬ ሁሉም ዕጣውን ይሰጣል፤ የደረሰውንም በፊቴ ይበላል። ከቅርጫው ያልገባ ከዘሩ አይደለም። ከዘሩ ያልሆነ ከዋሻው ይውጣ። አባቶቻችን እንዲህ ብለው ነው ያኖሩን።»

ሁሉም ወደ ጥርሴነሽ ዞረ። ያቺ ዋሻ የተወለደችባት ናት። እናቷ ጎን የተኛችባት ናት። ከዚያ ወጥታ የት ትገባለች? የማያውቋት አገር ሄዳ ቁርበት አንጥፉልኝ ትበል?

«አያ ቆረጣጥም፣ እርስዎ እንደ አባቴ ነዎት» አለች። «ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ። አልበላም። ግን ስወጣ አላኩርፍም፤ እወዳችኋለሁና።»

እመት ጮሚት ኡኡ አለች። አያ ሰባብር መሬት መሬት ያያል። ወንድሞቿ እንኳ መሳቅ ተዉ።

«መጀመሪያ ቅርጫው፤ ማስወጣቱ ይደርሳል» አሉ ሽማግሌው፤ ሥጋው አስቸኩሏቸው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ፣ እውነትም መጀመሪያ የነከሱት ቀንዱን ነው። ከዚያ መቁረጥ ጀመሩ። አንድ ሲቆርጡ አንዴ ላሱ፤ አንድ ሲመድቡ አንድ ዋጡ። ዕጣ ተጣለ። የታላቅ ወንድሟ ጠጠር ባዶ ቅጠል ላይ ቁጭ አለች።

«የኔ መደብስ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ አያ ቆረጣጥም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጢማቸው ላይ ሞራ ተንጠልጥሏል።

«ቢላዋው ይናገር!» አሉ ወንድማማቾቹ።

ቢላዋው ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ የኖረ ነው፤ ያን ቀን ግን መረረው። «እኔ ብረት ነኝ፣ የምዋሸው ለማን ብዬ ነው? ዛሬ ከኔ ስለት ይልቅ የሳቸው ምላስ ነው የሠራው።»

ጸጉር ቆመ። ጥርስ ወጣ። ዕጣው ሁሉ ተሰብስቦ ሥጋው እንደገና ይመደብ ተባለ።

«እኔ ላካፍል» አለ አያ ሰባብር።

«አንተማ ቅልጥሙን ትደብቃለህ!» አሉት።

«እኔ ላካፍል» አለ ታላቁ ልጅ።

«አንተማ ጉበቱን ትውጣለህ!»

«እኔ ላካፍል» አለች እመት ጮሚት።

«አንቺማ ሞራውን!» አሏት። እመት ጮሚት እውነት ስለሆነ አልተቆጣችም። ዞር ስትል ልጇን አየቻት። ጥርሴነሽ ሊነከስ የተዘጋጀውን የአባቷን ግማሽ ጆሮ በመዳፏ ሸፍናለች።

«እሷ ታካፍል» አለች እናቷ። «ከመካከላችን ሥጋ የማያጓጓው እሷን ብቻ ነው።»

ይህን ነገር እስከዚያ ቀን ማንም አስቦት አያውቅም ነበር።

ጥርሴነሽ ቢላዋውን አየችው፣ በሬውንም አየችው። ልቧ ፈራ። ቀረብ ብላ በሬውን በጆሮው «አያ በሬ፣ ስምህን አላውቅም፤ ይቅር በለኝ። አንተ አንዴ ሞተሃል፤ በአንተ ሰበብ ደግሞ ወንድሞቼ እንዳይባሉ ነው» አለችው። ከዚያ ቆረጠች። ጉበቱን ለሁሉም፣ ጮማውን ለሁሉም፣ ቅልጥሙን ለሁሉም። እጇን አልላሰችም፤ በቅጠል ጠረገችው። ዕጣ ተጣለ። ባዶ ቅጠል የለም። የሚጮኽም የለም። በዚያ ዋሻ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅቦች ተጎራብተው ሳይነካከሱ በሉ።

አያ ቆረጣጥም ድርሻቸውን ጨርሰው ቀና አሉ። «ሕጉስ? የሷ ዕጣ የታለ?»

«ሕጉን ይተዉት፣ አባባ!» አለ ታላቅ ወንድሟ አፉን እንደሞላ። «እሷን አስወጥተው የሚቀጥለውን ማን ሊያካፍልልን ነው? እርስዎ?»

ሽማግሌው የቀረችላቸውን አንድ ጆሮ ዳሰሱ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» አሉ በመጨረሻ። «ትኑር። የዘራችን ናት።»

ጥርሴነሽ ከበሬው ሆድ የወጣውን ፈርስ ማንም እንዳልነካው አየችና «ይህ የኔ ድርሻ ይሁን» አለች። ተሸክማ ከዋሻው ጀርባ ወሰደች፤ ለዱባዋ ሐረግ ሥር አፈሰሰችላት። ሐረጓም «ሣር የበላ ሣር ያበላል» ብላ ቅጠሏን ዘረጋችላት። በዓመቱ ዱባው ዋሻው አፍ ድረስ ደረሰ።

በዚያው በቅርጫው ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ አያ ሰባብር ልጁ አጠገብ መጥቶ ተጋደመ። እሷ ዱባዋን ትበላለች።

«ልጄ» አላት፣ ያልተነከሰች ግማሽ ጆሮውን እያወዛወዘ። «አንድ ቀን ጠይቄሽ ሳትመልሺልኝ ቀርተሻል። ፋሲካሽ መቼ ነው?»

ጥርሴነሽ አባቷን አየች፣ ወንድሞቿን አየች፣ ጠግባ የምታንኮራፋ እናቷን አየች። ጆሯቸውን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ጠዋት የነበረው ሁሉ አለ።

«ዛሬ ነው፣ አባዬ» አለችው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አብሮ ለመኖር አንድ መሶብ እንጂ አንድ ሆድ አያስፈልግም። ሥጋችሁንም የሚያካፍላችሁ ሥጋ የማያጓጓው ይሁን።

እኔ ጨረስኩ። ጆሯችሁን መልሻለሁ፤ እናንተም ተረቴን መልሱ፣ አፌን ደግሞ በዱባ አብሱ።