ዘንዶው ላይ ክንዱን ዘርግቶ የቀረው አባት

አንድ ሰው አለ። ስሙን አልነግራችሁም። በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ታሪኩን እንድናገር የፈቀደልኝም ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ ነው። ሥራው መንገድ ሥራ ነው፣ ፎርማን ነው። ከከተማ ርቆ፣ ቋጥኝ በሚፈነዳበት በረሃ፣ ድንኳን ውስጥ ነው የሚኖረው። በዓመት አንዴ ፈቃድ ይሰጡትና አዲስ አበባ ወደ ሚስቱ ወደ ትርሲትና ወደ አንዲት ልጁ ይመጣል። ልጅቱ ኤልዳና ትባላለች። አራት ዓመቷ ነው።

የዓመት ፈቃድ እንዴት እንደሚያልቅ መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰውየው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "እገሌ አርፎ አልደረስክም" ተባለ። ለቅሶ ደረሰ። ቀጥሎ የአጎቱ ልጅ ሰርግ መጣ፤ ድንኳን አስተከለ፣ እንግዳ ተቀበለ፣ ወንበር መለሰ። ከዚያ ክፍለ ሀገር ያሉ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ፤ እሳቸው ደግሞ በቀላሉ የሚለቁ ሴት አይደሉም። ሲመለስ ለልጁ የቀረችለት አንዲት የቅዳሜ ጠዋት ብቻ ሆነች።

ልጅቱስ? ልጅቱ አታውቀውም። ክፉ ሆና አይደለም። ከረሜላ ሲሰጣት በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ "አመሰግናለሁ" ትላለች፣ ሹልክ ብላ ትወጣለች። እሱ ሳሎን ሲገባ እሷ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን ታዲያ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ልጅቱ ወጥ ቤት ሆና እናቷን የምትጠይቀውን ሰማ።

"እማዬ፣ ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?"

ሰውዬው! አባቷን እኮ ነው። ፎጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ። አዘነ፣ በጣም አዘነ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንዶቻችሁ ትቆጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሚስታችሁ ላይ ትዞራላችሁ፤ "አንቺ ነሽ እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሻት" ትላላችሁ። ይህ ሰው ግን ፎርማን ነው። ፎርማን ችግር ሲያይ ዕቅድ ያወጣል።

ልጅ ምን ይወዳል? መጫወቻ ቦታ ይወዳል። ከከተማው ዳር አዲስ የተከፈተ ትልቅ የመጫወቻ ቦታ ነበር። አርብ ዕለት ብቻውን ሄደ። ለምን ብትሉ፣ ቅኝት ነው! ሽንት ቤቱ የት ነው? ጥላ ያለው በየት በኩል ነው? ወረፋው ሳይረዝም የትኛው ጋ ቀድሞ መድረስ ይሻላል? ፊኛ ሻጩ የት ነው የሚቆመው? ልጅቱ ፊኛውን አይታ ሳታለቅስ በየት ዞሮ ማለፍ ይቻላል? ፂሙ የጎፈረ ሰውዬ ብቻውን በዥዋዥዌውና በሚሽከረከሩት ፈረሶች መሃል ሲዞር ያየው ጥበቃ ተጠራጠረና ተከተለው።

"ጌታው፣ ልጅዎ የታለ?"

"ነገ ትመጣለች።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ይሠራሉ?"

"መንገዱን እያየሁ ነው" አለ። ጥበቃውም ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን አልነቀለበትም። እኔም ብሆን አልነቅልበትም ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ሰውየው ሲዞር አንድ ነገር አየ። ትንንሾቹ መጫወቻዎች ላይ ልጅ ብቻውን ነው የሚሳፈረው፤ አባት ከአጥሩ ውጪ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አንድ ብቻ ነው። ዘንዶ ይሉታል። በዘንዶ መልክ የተቀባ ባቡር ነው፤ በሐዲዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ቁልቁል ይወረወራል። ሰውየው ከታች ቆሞ ሲያይ፣ ባቡሩ ሲወርድ አንድ ትንሽ ልጅ እየጮኸ የአባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ሰውየው ቀና። እንዲህ በሌላ ሰው ቀንቶ እንደማያውቅ ራሱ ነግሮኛል።

ያን ጊዜ ዕቅዱ ተሟላለት። ኤልዳናን እዚያ ላይ አወጣታለሁ፣ ትፈራለች፣ ስትፈራ እኔን ታቅፋለች። አለቀ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ዘንዶው መግቢያ ላይ የተተከለ፣ የቁመት ምልክት የተሰመረበት እንጨት አለ፤ ቁመቱ ከምልክቱ ያነሰ ልጅ አይሳፈርም። ማታ ትርሲት እሱ ለክቶ ባመጣው ልክ ልጅቷን በር ላይ አቁማ ስትለካት ትንሽ ጎደለች። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወጥቶ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ገዛላት። ይህን የምነግራችሁ እንድትማሩበት እንጂ እንድትሞክሩት አይደለም፤ ያ ምልክት የተሰመረው ለልጅ ነፍስ ነው።

ትርሲት ነገሩ ሲገባት ደነገጠች።

"አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ እኮ ከሶፋ ላይ መዝለል ትፈራለች።"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምን፣ ስትፈራ ማንን ትይዛለች? አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ።"

"ልጅ አስደንግጠህ ልታላምዳት?"

"ሌላ ጊዜ የለኝማ፣ ትርሲት!" አለ። እሷም ከዚያ በላይ አልተከራከረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ልጅቱ እሺ ያለችው እናቷ በር ላይ እንደምትጠብቃት ስለነገረቻት ነው። ትርሲት በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፤ አባትና ልጅ ገቡ። ፈረሶቹን አለፉ፤ ልጅቱ ዞራ ዞራ አየቻቸው፣ እሱ ግን "በኋላ" አላት። ፊኛ ሻጩን በጓሮ ዞረው አመለጡት። ዘንዶው ጋ ደረሱ። ትኬት የምትቀበለው ልጅ ኤልዳናን እንጨቱ ስር አቆመቻት፣ ጫማዋን አየች፣ ቀና ብላ አባትየውን አየች።

"ጋሼ፣ ልጅቷ አትፈራም?"

"እኔ አለሁ" አለ።

ወንበሩ ሦስት ሰው ይይዛል። አባት በአንድ በኩል፣ ልጅቱ መሃል፣ በሌላው በኩል ደግሞ አንዲት ወፈር ያሉ እናት ተቀመጡ። የልጅ ልጆቻቸው ጎትተው ያመጧቸው ናቸው፤ ልጆቹ ከፊት ሆነው ይስቃሉ። ባቡሩ ገና አልተነሣም፣ እሳቸው ግን ጀምረዋል።

"ኧረ ጉዴ ፈላ! ምን ቀን ጣለኝ! ልጆች፣ አውርዱኝ ብያለሁ!"

ኤልዳና አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። አባቷ በዚህ በኩል ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀጥ አድርጎ፣ "ጎበዝ ነሽ፣ አትፍሪ፣ ምንም የለም፣ እኔን እዪኝ፣ እፈራለሁ?" ይላታል።

ባቡሩ ተነሣ። ሽቅብ ወጣ። ሰውየው ክንዱን ቀስ ብሎ ዘረጋ፣ ተዘጋጀ። ጫፉ ላይ ደረሱ፣ ባቡሩ ትንሽ ቆም አለ፣ ከዚያ ቁልቁል ተለቀቀ። ልጅቱ እንደታሰበው ጮኸች። እንደታሰበውም ዘላ ሰው አቀፈች።

ያቀፈችው ግን ሴትዮዋን ነበር።

ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁለቱ ተቃቅፈው "እናቴ! እናቴ!" እያሉ አብረው ይጮኻሉ፤ እሱ በዚህ በኩል ብቻውን ነው።

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ልጅቱ ለምን ወደዚያ ሄደች? ሁለቱም ለእሷ እንግዳ ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ከረሜላ የሚሰጣት፣ ጫማ የገዛላት ነው። ለምን ታዲያ ሴትዮዋን መረጠች? ሴትዮዋ ስለፈሩ ነዋ! ልጅቱ የሚሰማትን እኔም ይሰማኛል ያለ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አባቷማ "ምንም የለም" ብሏታል። ምንም የለም ለሚል ሰው ፍርሃትን ይዞ መሄድ ምን ያደርጋል?

ባቡሩ ቆመ። ሴትዮዋ "እደጊልኝ የኔ ልጅ፣ ባንቺ ነው የተረፍኩት" ብለው ግንባሯን ሳሟትና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሄዱ። ሰውየው ሊነሣ ሞከረ። ብረቱን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። ድማሚት ሲፈነዳ ዓይኑን የማያርገበግብ ሰው ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ግን በሕይወቱ ወጥቶ አያውቅም። እየተንገዳገደ ወረደና መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘፍ አለ። ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዕቅዱ ፈርሷል፣ ጠዋቲቱም እየሄደች ነው። ልጁ ራቅ ብላ ቆማ ታየዋለች።

"ፈራህ እንዴ?" አለችው።

እሱ እንደነገረኝ መልሱ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። "አልፈራሁም" ሊል ነው። ፎርማን ፈራሁ አይልም፤ ካለማ ሠራተኛው ገደሉ አፋፍ ላይ አይቆምለትም። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው። ግን በዚያች ሰዓት ለመዋሸት የሚሆን አቅም እንኳ አልነበረውም።

"አዎ" አላት። "በጣም ፈራሁ።"

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መጥታ አጠገቡ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እኔም ፈርቻለሁ።"

"አውቃለሁ። ያስፈራሁሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አይዞህ" አለችው፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገች። "አለቀ እኮ።"

ከዚያ ወዴት ሄዱ? የትም አልሄዱም። ልጅቱ ፈረሶቹን እንኳ ረሳቻቸው። ጠርዙ ላይ እንደተቀመጡ የሚፈሩትን ሲያወሩ ጠዋቱ አለቀ። እሷ መብራት ሲጠፋ እንደምትፈራ፣ የጎረቤት ውሻ እንደምትፈራ፣ ፀጉር የምትሠራትን ሴትዮ ማበጠሪያ እንደምትፈራ ነገረችው። እሱም ድንኳን ውስጥ ነፋሱ ሲበረታ ብቻውን መተኛት እንደሚፈራ ነገራት። ይህን ለትርሲት እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ሲወጡ ትርሲት ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለች። ልጅቱ የአባቷን ጣት ይዛ እየጎተተችው ትመጣለች።

"እማዬ፣ ፈርቷል። ውኃ ስጪው።"

"አባዬ" አላለችም። ታሪኩ እንዲያምርልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። "ፈርቷል" ነው ያለችው። በማግሥቱ ሲሄድም እንደ ፊልም ሮጣ አንገቱ ላይ አልተጠመጠመችም፤ በር ላይ ቆማ ቻው አለችው። ግን በዚያው ቀን ሲመሽ፣ ውጪ ነፋስ ሲነፍስ ሰማችና እናቷን ቀሚሷን ጎተተቻት። "ደውይለት እንጂ፣ ብቻውን እኮ ነው" አለቻት። ይኸው እስከ ዛሬ ነፋስ ሲነሣ በዚያ ቤት ስልክ ይደወላል።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን ይህን ዘንዶ ቤታችን ውስጥ የተከልነው? ልጅ እንዲጠጋን "ጅብ መጣልህ" እንላለን። እንዲታዘዘን "መርፌ ወጊዋን እጠራታለሁ" እንላለን። በር ላይ የጫማው ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልለት አባወራ አለ፤ እሱም "ያከብሩኛል" ብሎ ያስባል። ያገባች ልጇ እንድትመጣላት "እኔ ስሞት ታውቁታላችሁ" የምትል እናት አለች። ልጅቷ ትመጣለች፣ አዎ፣ ትመጣለች። ግን ደንግጣ ነው የምትመጣው፤ ደንግጦ የመጣ ሰው ልቡ ሲረጋ ተመልሶ ይሄዳል።

እኛ ሰባኪዎችም ከዚህ አንወጣም። እሳቱን አንድደን ሰዉ ሲሮጥ ስናይ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ ይመስለናል።

ጌታ ግን ወደ እኛ እንዴት መጣ? አስፈራርቶን ነው? ራበው፣ ደከመው፣ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አለቀሰ። በመጨረሻዋም ምሽት ጭንቀቱን ከደቀ መዛሙርቱ አልደበቀም፤ አጠገቤ ሁኑ አላቸው። ሰማይና ምድር የእሱ የሆነው ጌታ ይህን ማለት ካላሳፈረው፣ እናንተን የሚያሳፍራችሁ ምንድን ነው?

አውቃለሁ፣ "ልጄ ፊት ፈራሁ ካልኩማ ይንቀኛል" የምትሉ አላችሁ። ኤልዳና አባቷን ናቀችው? ውኃ አስመጣችለት እንጂ። ደግሞ የቤት ኪራዩን ጭንቀት በአራት ዓመት ሕፃን ላይ አራግፉ አላልኩም፤ ሕፃን የሚችለው ሸክም ልክ አለው። ያልኩት ሰው መሆናችሁን ከልጃችሁ አትደብቁ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። ልጃችሁን ሌላ ሰው "አባትህ ምን ይፈራል? እናትህስ ምን ትፈራለች?" ብሎ ቢጠይቀው ምን እንደሚመልስ አስቡ። "እነሱማ ምንም አይፈሩም" የሚል ከሆነ አትኩሩ። ገና አልተዋወቃችሁም ማለት ነው።