ስልክ ያልጠራው ብስክሌት ጠጋኝ

ተረት ላምጣላችሁ? ‹‹አምጣ›› በሉኝ። ከሩቅ ይምጣ ከቅርብ? ‹‹ከቅርብ›› በሉኝ፤ የሩቁ መንገድ ይጠፋዋል።

ከሰው ይልቅ ብስክሌት በሚበዛባት በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ላቀው የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ነበረ። እጁ የተባረከ ነው። የተጣመመ ሲያቃና፣ ሲጢጥ የሚለውን ፔዳል ዝም ሲያሰኝ ለጉድ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሥራው ቀዘቀዘበት። ድሮ ጎማው የተነፈሰበት ሰው መንገድ ዳር የቆመውን ጠይቆ ይመጣ ነበር። ዛሬ ሰው ስልኩን እንጂ ሰው አይጠይቅም። ስልኩ ውስጥ ለጠየቁት ሁሉ መልስ የማያጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፤ ሠፈሩ ባጭሩ ‹‹አዋቂው›› ይለዋል። ‹‹ብስክሌቴን የት ላሠራ?›› ሲሉት ከገበያ ማዶ ያለውን፣ ብሎን አስሮ የማይጨርሰውን አዲስ ሱቅ ይጠራል እንጂ ላቀውን አይጠራም።

አንድ ቀን ሚስቱ ይታይሽ ምርር አላት።

‹‹አንተ ሰው፣ ወንድሜ ለወፍጮ ቤቱ ዱቄት መዛኝ ይፈልጋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይሄ አዋቂ ካልጠራህ ሱቁን ዝጋና ዱቄት መዝን!››

ላቀው ልቡ ስንጥቅ አለ። ሠላሳ ዓመት በግሪስ የጠቆረ ሰው በዱቄት ነጥቶ ሊኖር ነው። የሚፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ አዋቂው አንድ ጊዜ ‹‹ላቀው ዘንድ ሂዱ›› ቢልለት።

የይታይሽን ስልክ ተቀበለ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቆመ።

‹‹አዋቂው፣ ስሜን ጥራልኝ። አንተ ካልጠራኸኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹ካርታው ያላሳየኝን አልጠራም›› አለ አዋቂው።

ላቀው ካርታውን ከፈተ። ‹‹ካርታው፣ ሱቄን አሳይልኝ። አንተ ካላሳየኸኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹አሳይቼሃለሁ እኮ›› አለ ካርታው፤ ‹‹ይኸውልህ፣ ‹ዓይናለም የሴቶች ፀጉር ቤት›። ታፔላህ የሚለው እንደዚያ ነው። ታፔላው ካልተለወጠ ብስክሌት ጠጋኝ ብዬ አላሳይም።››

እውነቱን ነው። ላቀው አንዲት ፀጉር ሠሪ የለቀቀችውን ሱቅ ሲከራይ ‹‹ሰው የሚመጣው ለእጄ እንጂ ለታፔላ ነው እንዴ?›› ብሎ ታፔላዋን ሳያወርድ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

‹‹ለካ ባለፈው ቅዳሜ ሹሩባ ልሠራ ብላ የመጣችው ልጅ የተላከችው በዚህ ነው!›› አለ።

‹‹ምን አልካት?›› አለች ይታይሽ።

‹‹ምን እላታለሁ? እጄን አሳየኋት። ሮጣ ወጣች።››

ወደ ታፔላ ጸሐፊው ወደ በሪሁን ሄደ። ‹‹በሪሁን፣ ታፔላ ጻፍልኝ። አንተ ካልጻፍክልኝ ካርታው አያሳየኝም፤ ካርታው ካላሳየኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

በሪሁን ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ንግድ ፈቃዱን ተቀበለና አነበበው። ‹‹ጋሼ፣ ፈቃዱ ሱቅዎ መናኸሪያ በር ላይ ነው ይላል።››

‹‹ከዚያማ ከለቀቅኩ ቆየሁ።››

‹‹እንግዲያው ፈቃዱ ይስተካከል። ከፈቃድ የማይገጥም ታፔላ ጽፌ ተቀጥቼበታለሁ፤ አልጽፍም።››

ወደ ንግድ ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ ትርንጎ የምትባል ሠራተኛ ተቀምጣለች። ‹‹ልጄ፣ አድራሻዬን ቀይሪልኝ። አንቺ ካልቀየርሽልኝ በሪሁን አይጽፍልኝም፤ በሪሁን ካልጻፈልኝ ካርታው አያሳየኝም፤ ካርታው ካላሳየኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹መናኸሪያውን የለቀቁት መቼ ነው፣ አባቴ?››

‹‹አሥራ አንድ ዓመት ይሆነኛል።››

‹‹አሥራ አንድ ዓመት? ቢሯችን እኮ ከሱቅዎ ይታያል!››

ላቀው ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ።

‹‹ቀበሌው በደብዳቤ ካልመሰከረ አልቀይርም›› አለች ትርንጎ።

ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ወደ አቶ ውቤ ሄደ። ‹‹አቶ ውቤ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። አንተ ካልጻፍክልኝ ትርንጎ አትቀይርልኝም፤ ትርንጎ ካልቀየረችልኝ በሪሁን አይጽፍልኝም፤ በሪሁን ካልጻፈልኝ ካርታው አያሳየኝም፤ ካርታው ካላሳየኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹ጋሽ ላቀው›› አለ አቶ ውቤ፤ ‹‹እኔማ በየቀኑ እዚያው ተቀምጠህ አይሃለሁ። ብስክሌቴንም የምትሠራልኝ አንተው ነህ። ፋይሉ ግን አያውቅህም። የቤቱ ባለቤት ካልፈረሙ አልጽፍም።››

የቤቱ ባለቤት እትዬ አትጠገብ ናቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ የሚኖሩ፣ ቁጡና ጨዋታ አዋቂ ሴት። ላቀው በራቸው ላይ ቆመ። እኔም ትንፋሽ ልሰብስብ፤ እሱም ሰብስቧል።

‹‹እትዬ፣ ይፈርሙልኝ። እርስዎ ካልፈረሙልኝ አቶ ውቤ አይጽፍልኝም፤ አቶ ውቤ ካልጻፈልኝ ትርንጎ አትቀይርልኝም፤ ትርንጎ ካልቀየረችልኝ በሪሁን አይጽፍልኝም፤ በሪሁን ካልጻፈልኝ ካርታው አያሳየኝም፤ ካርታው ካላሳየኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹ጨረስክ?›› አሉ እትዬ አትጠገብ።

‹‹ጨረስኩ።››

‹‹ብስክሌቴስ?››

ላቀው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከሦስት ዓመት በፊት እትዬ አትጠገብ የኋላ ጎማው አልዞር ያለ ብስክሌት ሰጥተውት ነበር። እሱም ‹‹ነገ ይደርሳል›› ብሏቸው ነበር።

‹‹ጉልበቴ እርምጃ አይችልም፣ ፔዳል ግን ይችላል›› አሉ። ‹‹በዚያ ብስክሌት ነበር እህቴን የምጠይቃት። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ነገ›፣ ‹ነገ› እያልክ ከቤት አስቀመጥከኝ። ብስክሌቴ ካልተሠራ አልፈርምም!››

ላቀው ወደ ሱቁ ተመለሰ። ብስክሌቱ ከጓዳ በኩል ተሰቅሏል፤ ብስክሌት ከተባለ። ኮርቻውን ለአንዱ ደንበኛ፣ ፍሬኑን ለሌላው፣ ኩሽኔታውን ለአቶ ውቤ ‹‹ለጊዜው›› እያለ አውጥቶ ሰጥቶታል።

‹‹ብስክሌት፣ ተነሥ›› አለው። ‹‹አንተ ካልተነሣህ እትዬ አይፈርሙልኝም፤ እትዬ ካልፈረሙልኝ አቶ ውቤ አይጽፍልኝም፤ አቶ ውቤ ካልጻፈልኝ ትርንጎ አትቀይርልኝም፤ ትርንጎ ካልቀየረችልኝ በሪሁን አይጽፍልኝም፤ በሪሁን ካልጻፈልኝ ካርታው አያሳየኝም፤ ካርታው ካላሳየኝ አዋቂው አይጠራኝም፤ አዋቂው ካልጠራኝ ዱቄት መዛኝ መሆኔ ነው።››

‹‹ላቀው የሚባል ሰው ካልሠራኝ አልነሣም›› አለ ብስክሌቱ።

ላቀው የሚለምነው ሌላ ሰው ፍለጋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ። ማንም የለም። ከተማውን ሁሉ አዳርሶ የቀረው ላቀው ብቻ ነው።

‹‹እሺ ላቀው፣ ሥራ›› አለ ለራሱ።

‹‹ነገ እ…›› ብሎ ሊመልስ ሲል የገዛ ድምፁን ሰማውና በጣም አፈረ። ለካ ደንበኞቹ ሁሉ ሲሰሙት የኖሩት ይህንን ነው! አዋቂውንም ካርታውንም ሲለምን መዋሉ አሳቀው፤ ብቻውን ቆሞ እንባው እስኪመጣ በራሱ ሳቀ። ከዚያ የሚጋልባትን የራሱን ብስክሌት ገለበጣት። ኮርቻዋን ነቀለ፤ ፍሬኗን ነቀለ፤ ኩሽኔታዋን አወጣና ለእትዬ ብስክሌት ገጠመ። ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ጎማው ያለ ኮሽታ ዞረ።

እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ግቢውን ሁለቴ ዞሩ፤ በሦስተኛው በሩን አልፈው እህታቸው ዘንድ ደርሰው መጡ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

ብስክሌቱ ተነሣ፤ እትዬ ፈረሙ፤ እትዬ ቢፈርሙ አቶ ውቤ ጻፈ፤ አቶ ውቤ ቢጽፍ ትርንጎ ቀየረች፤ ትርንጎ ብትቀይር በሪሁን ቀለሙን በጠበጠ፤ በሪሁን ቢጽፍ ካርታው አሳየ። ላቀው ይህን ሁሉ የዞረው በእግሩ ነው፤ ብስክሌት የሌለው ብስክሌት ጠጋኝ ሆኗላ!

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ይታይሽ ስልኩን አንሥታ ‹‹አዋቂው፣ ብስክሌቴን የት ላሠራ?›› አለችው። ላቀው ትንፋሹን ዋጠ።

‹‹ላቀው ብስክሌት ጥገና፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ›› አለ አዋቂው። ‹‹ደንበኞች እጁን ያመሰግናሉ። አንዲት ደንበኛ ግን ‹ሥራው ግሩም ነው፤ ነገ ካላችሁ ግን አትመኑት፣ ሦስት ዓመት ማለቱ ነው› ብለው ጽፈዋል።››

‹‹እትዬ አትጠገብ!›› ብላ ይታይሽ በሳቅ ወደቀች።

ላቀው ግማሽ ፊቱ በደስታ፣ ግማሽ ፊቱ በኀፍረት ሞቀ። ‹‹ካወቀኝ አይቀር በደንብ ነው ያወቀኝ›› አለ።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ሴት ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት እየገፋች፣ ስልኳን እያየች መጣች።

‹‹ጋሽ ላቀው እርስዎ ነዎት?››

‹‹ነኝ፣ ልጄ።››

ስልኳን አየች፤ እሱን አየች፤ ሳቋን ዋጠች። ‹‹መቼ ይደርስልኛል?››

የላቀው ምላስ ሠላሳ ዓመት ወደለመደችው ቃል ተንደረደረች። ጥርሱን ነክሶ አስቀራት። ከዚያ በርጩማውን አራግፎ አቀረበላት።

‹‹ተቀመጪ፣ ልጄ›› አላት። ‹‹ሳትነሺ ይደርሳል።››

ተረቴ አለቀ፤ ጎማው የተነፈሰበት ላቀው ዘንድ ይሂድ፣ ያልተነፈሰበት ወደ ቤቱ ይግባ።